ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ አንድ ቢሮ ካሉ ፎልደር በምን ሼር ይደረግ? አራቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ቢሮው ትንሽ ነው እንበል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ዊንዶውስ ላይ ናት። ዲዛይነሩ ማክ ይጠቀማል። ዌብሳይቱን የሚሠራው ልጅ ደግሞ ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ካልሆነ አይሆንለትም። ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው በፍላሽ ነው፣ ሲቸኩሉ ደግሞ በቴሌግራም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአንድ ሰነድ አምስት ቅጂ አምስት ቦታ ተቀምጦ ይገኛል። የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ፍላሹም ዞሮ ዞሮ ቫይረስ ይዞ ይመጣል።

መውጫው የታወቀ ነው። ፋይሉ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ ፎልደሩን በኔትወርክ ማውንት አድርገው እንደ ራሳቸው ዲስክ ይከፍቱታል። ግራ የሚያጋባው በምን በኩል የሚለው ነው። ስትጠይቁ አንዱ ፈጣኑ ኤንኤፍኤስ ነው ይላችኋል፣ ሌላው ሳምባ ጫኑና ተገላገሉ ይላል፣ ሦስተኛው ኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በምስጠራ የሚገናኙበት መንገድ) እያለ ሌላ ምን ያስፈልጋል ይላል። ሦስቱም የሚናገሩት ከራሳቸው ቤት ተነስተው ነው። ማሽኑ ሁሉ ሊኑክስ የሆነ ሰው የሚሰጠው ምክር ሦስት ዓይነት ሲስተም ለተቀላቀለበት ቢሮ አይሆንም።

እዚህ የማነጻጽረው አራት መንገድ ነው፦ ኤስኤምቢ (በሊኑክስ በኩል ሳምባ የሚባለው)፣ ኤንኤፍኤስ፣ ኤስኤስኤችኤፍኤስ እና ዌብዳቭ። ማውንት ያልሆነ አንድ አማራጭም አለ፤ እሱን ከአራቱ በኋላ አመጣዋለሁ።

## መጀመሪያ መስፈርቱ

ማን ነው የሚገናኘው? አዲስ ሰው ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣ ምንም ሳይጭን ይገናኛል ወይስ "ይሄን አውርድ፣ ያንን ፍቀድ፣ ሪስታርት አድርግ" ሊባል ነው? ለራስ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም። ከሦስት ሰው በላይ ሲሆን ግን ያሰለቻል።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? እኛ ጋ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የውጭ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ አያነሱትም። ሁኔታውን አስቡት። ፎልደሩ ያለው ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ መብራት ሲሄድ ወዲያው ይጠፋል። ላፕቶፖቹ ግን ባትሪ አላቸው፣ እንደበሩ ናቸው። ፋይሉ ስክሪን ላይ ተከፍቷል፣ የተቀመጠበት ዲስክ ግን የለም። በዚህ ሰዓት አንዱ መንገድ "ዲስኩ አልተገኘም" ብሎ ይነግራችኋል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ሌላው ደግሞ ፋይል ማኔጀሩን ጭምር ሃንግ ያስደርጋል።

ሁለት ሰው አንድ ፋይል ቢከፍት? አንዱ የጻፈውን ሌላው በላዩ ሴቭ አድርጎ እንዳያጠፋው የሚቆልፍ ነገር መኖር አለበት። ኤክሴል ላይ አብረው ለሚሠሩ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ፋይሉ የማን ነው? ሊኑክስና ማክ ተጠቃሚን የሚያውቁት በቁጥር ነው። ኡቡንቱ ላይ የመጀመሪያው ተጠቃሚ 1000 ነው፣ ማክ ላይ 501። ዊንዶውስ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ዓይነት መለያ አለው። አንዳንዱ መንገድ በዩዘርና በፓስወርድ ያግባባቸዋል፣ አንዳንዱ ቁጥሩን እንዳለ ያስተላልፋል።

እዚያው ቢሮ ውስጥ ነው ወይስ ከውጭም? በአንድ ራውተር ስር መሆንና በኢንተርኔት በኩል መግባት ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ይከፈታል? ይሄን ማንም አይጽፈውም። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደላትን የሚያስቀምጥበት ኮድ) ሲቀመጥ 3 ባይት ይይዛል። ሊኑክስ ላይ የአንድ ፋይል ስም ጣሪያው 255 ባይት ነው። ስለዚህ ስሙ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ከሆነ የሚችለው 85 ፊደል ብቻ ነው። ዊንዶውስ ግን የሚቆጥረው በፊደል ስለሆነ እስከ 255 ይሄዳል። ለምሳሌ "የ2017 በጀት ዓመት የሦስተኛ ሩብ ዓመት የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ለሥራ አመራር ቦርድ የቀረበ የመጨረሻ የተስተካከለ" የሚለውን የዎርድ ፋይል ውሰዱ። እንዲህ ዓይነት ስም ያልሰጠ መሥሪያ ቤት የለም። 56 የግዕዝ ፊደል አለው፤ ከቁጥሩ፣ ከባዶ ቦታውና ከመጨረሻው ቅጥያ ጋር 191 ባይት ይመጣል። አሁን ያልፋል። አንድ ሰው "እንደገና" እና "በአስተያየቱ መሠረት" እያለ አምስት ቃል ከጨመረበት ግን ዊንዶውስ ላይ የነበረው ፋይል ሊኑክስ ሰርቨር ላይ አልገባም ይላል። የሚወጣው የስህተት መልእክት ምክንያቱን ስለማይናገር ሰው ኔትወርኩን ሲጠረጥር ይውላል።

ሁለተኛው ነገር ሁለት ነጥብ ነው። በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ያለው ሁለት ነጥብ ዊንዶውስ ላይ በፋይል ስም ውስጥ ክልክል ነው። የጥያቄ ምልክትና ኮከብም እንደዚያው። ሊኑክስ ላይ ግን ይፈቀዳል። ኡቡንቱ ላይ ሆኖ ሰዓት ወይም ንዑስ ርዕስ በሁለት ነጥብ የጻፈ ሰው፣ ያ ፋይል በሳምባ በኩል ዊንዶውስ ላይ ሲታይ ስሙ ተቆራርጦ ትርጉም የሌለው ሆኖ ያገኘዋል። የእኛው ሁለት ነጥብ (፡) ግን ሌላ ፊደል ስለሆነ ችግር የለበትም። ደስ የሚለው፣ ማክ የፈረንሳይኛና የመሳሰሉትን ባለምልክት ፊደላት ለሁለት ከፍሎ በማስቀመጥ የሚያመጣው የታወቀ ጣጣ ግዕዝን አይነካም፤ የእኛ ፊደላት አይከፈሉም።

ፍጥነት። መጨረሻ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። አብዛኛው ቢሮ ውስጥ ፍጥነቱን የሚወስነው ፕሮቶኮሉ (ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩበት መንገድ) ሳይሆን ኬብሉና ስዊቹ ነው። 100 ሜጋቢት ስዊች ላይ ምንም ብትጠቀሙ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ነው የምታገኙት። 10 ጊጋባይት ቪዲዮ ለመቅዳት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ጊጋቢት ላይ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሄድ ያው ቪዲዮ በአንድ ደቂቃ ተኩል ያልቃል። ስለዚህ ስለ ፕሮቶኮል ከመከራከራችሁ በፊት ስዊቹ ላይ "10/100" የሚል ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ኬብሉም ስምንቱም ሽቦ መገናኘት አለበት፤ አራቱ ብቻ የተገናኙበት ኬብል ጊጋቢት አይሰጥም።

## ኤስኤምቢ

ዊንዶውስ ላይ ፎልደር ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ሼር ስትሉ የሚሠራው ይሄ ነው። ሥሩ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ የአይቢኤም ሥራ ነው። ሊኑክስ ላይ ያለው ሳምባ የተጀመረው አውስትራሊያ ውስጥ በአንድሩ ትሪጅል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ማቬሪክስ በተባለው የማክ ስሪት የራሱን ፕሮቶኮል ወደ ጎን አድርጎ ኤስኤምቢን ቀዳሚ ምርጫው አደረገ። ዛሬ ሦስቱም ሲስተሞች የሚግባቡበት ይሄ ነው፤ ዊንዶውስና ማክ ላይ ምንም አይጫንም፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ ፓኬጅ ይበቃል።

መቆለፉ ጥሩ ነው። አንዱ ኤክሴሉን ከፍቶ ሌላው ሲመጣ "ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል" ይባላል፣ ለማንበብ ብቻ ይከፈትለታል። ባለቤትነት ላይም አይጨናነቅም፤ የሚያውቀው ዩዘርና ፓስወርድ ነው። መብራት ሲሄድ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ቆይቶ ስህተት ይሰጣል፣ ሰርቨሩ ሲመለስም ፎልደሩን እንደገና ስትነኩት ይገናኛል።

ሰው የሚያስቸግረው ሲገናኝ ነው። ችግሮቹ ደግሞ ሁልጊዜ ያው ናቸው። ዊንዶውሱ ላይ ያለው አካውንት ፓስወርድ ከሌለው በኔትወርክ መግባት አይቻልም፤ ዊንዶውስ ራሱ ይከለክላል። የማይክሮሶፍት አካውንት ከሆነ የሚጠየቀው የኢሜይሉ ፓስወርድ ነው እንጂ ኮምፒውተሩን ስትከፍቱ የምትነኩት ባለ አራት ቁጥር ፒን አይደለም። ይሄ አንድ ነገር ብቻ ስንቱን ሰው ግማሽ ቀን አባክኖታል። እኔ የምመክረው ለሼሩ ብቻ የሚሆን አንድ ተራ አካውንት ከፓስወርድ ጋር መፍጠር ነው። ኔትወርኩም "ፐብሊክ" ተብሎ ከተመዘገበ ፋየርዎሉ ይዘጋዋል፣ ወደ "ፕራይቬት" ቀይሩት። ፈቃዱ ደግሞ ሁለት ቦታ ነው፤ የሼሩ ፈቃድ አለ፣ የፎልደሩ ፈቃድ አለ፣ ከሁለቱ የሚሠራው ጠበቅ ያለው ነው። ሳምባ ላይም የሊኑክሱ ፓስወርድ አይበቃም፣ ለሳምባ ለብቻው ፓስወርድ ይሰጣል።

ኮምፒውተሩ "ኔትወርክ" የሚለው ዝርዝር ውስጥ ካልታየ አትደናገጡ። ዊንዶውስ ላይ በአድራሻ ቦታው ሁለት ወደ ኋላ ያጋደለ ሰረዝ አድርጋችሁ 192.168.1.20 ዓይነቱን አድራሻ ጻፉ። ማክ ላይ ፋይንደር ውስጥ ኮማንድና ኬን አብራችሁ ነክታችሁ አድራሻውን ስጡ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። የመጀመሪያውን ስሪት፣ ኤስኤምቢ 1ን፣ አታብሩት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያተራመሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተሰራጨው በዚያ ስሪት ክፍተት ነው፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራ አቁመዋል። ማስተካከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። ከዚያው ዓመት በኋላ የወጡ ዊንዶውሶች ኤስኤምቢ 1ን ሳያበሩት ነው የሚመጡት። ብዙ ቢሮ ውስጥ መልሶ የሚያስበራው አሮጌ ፎቶኮፒ ማሽን ነው፣ ስካን አድርጎ ወደ ፎልደር ለመላክ ከዚያ ሌላ ስለማያውቅ። ለአንድ ማሽን ብላችሁ ቢሮውን በሙሉ አታጋልጡ። ስካኑ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ኢሜይል ይሂድ።

ዊንዶውስ 11 (24ኤች2 ከሚባለው ስሪት ጀምሮ፣ ፕሮውና ከዚያ በላይ ያለው) ደግሞ ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባትን አይቀበልም። "ትናንት ይከፈት የነበረው ሼር አፕዴት ካደረግኩ በኋላ እምቢ አለ" የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። መፍትሔው ጥበቃውን ማውረድ ሳይሆን ሼሩ ላይ ፓስወርድ ማድረግ ነው።

## ኤንኤፍኤስ

ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሠራው ነው። በሊኑክስና ሊኑክስ መካከል ከዚህ የተሻለ የለም። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ብዙ ትንንሽ ፋይል ያለበት ሥራ ላይ፣ ለምሳሌ ኮድ የሚጽፍ ሰው ፕሮጀክት ላይ፣ ልዩነቱ ይታያል።

ሲስተሞች ሲቀላቀሉ ግን ነገሩ ይበላሻል። የዊንዶውስ ሆም ተጠቃሚ ጨርሶ አያገኘውም፤ ክላየንቱ (ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ያለው ፕሮና ከዚያ በላይ ላይ ነው። ያም ቢሆን የሚያውቀው ከስሪት 3 አያልፍም፣ ሊኑክስ ግን ስሪት 4 ላይ ነው። ከሁሉ የከፋው፣ የዊንዶውሱ ክላየንት ዩቲኤፍ 8 የፋይል ስም በቅጡ አያነብም። በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች ወደ ተዘበራረቀ ምልክት ይለወጣሉ። የሲስተሙን የፊደል ኮድ በሙሉ ወደ ዩቲኤፍ 8 የሚቀይር የሙከራ ምርጫ አለ፤ ግን እሱን ሲያበሩ አሮጌ ፕሮግራሞች ሊታመሙ ይችላሉ። የአማርኛ ፋይል ላለው ቢሮ ለእኔ ይሄ ብቻውን ውድቅ ያደርገዋል።

ማክ ይገናኛል፣ ግን አንድ መሰናክል አለ። ሊኑክሱ ጥያቄ የሚቀበለው ከ1024 በታች ከሆነ ፖርት (ቁጥር ያለው የግንኙነት በር) ሲመጣ ነው፣ ማክ ደግሞ በራሱ ከዚያ አይነሳም። ማክ ላይ "ሬዝቭፖርት" የሚለውን አማራጭ መጨመር አለባችሁ፣ ወይም ሰርቨሩ ላይ "ኢንሴኪዩር" ማለት። ከዚያ ቀጥሎ የቁጥሩ ጉዳይ ይመጣል። 501 የሆነው ዲዛይነር የጻፈው ፋይል ኡቡንቱው ላይ ባለቤት የለሽ ይመስላል፣ ኡቡንቱው ደግሞ ላስተካክለው ሲል አልተፈቀደልህም ይባላል። ቁጥሮቹን አንድ ማድረግ ወይም ሰርቨሩ ሁሉንም ወደ አንድ ተጠቃሚ እንዲጠቀልል ማድረግ ይቻላል፤ ሥራው ግን የእናንተ ነው።

በነባሪው ፓስወርድ የለውም። የሚያምነው የአይፒ አድራሻን ነው፣ ምስጠራም የለውም። ከርቤሮስ (የተጠቃሚን ማንነት የሚያረጋግጥ ሲስተም) ሲጨመርበት ይመሰጥራል፣ ግን ለአምስት ሰው ቢሮ ያ ትልቅ ሸክም ነው።

የመብራቱ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ በደንብ መታየት አለበት። ኤንኤፍኤስ በነባሪው "ሃርድ" ነው። ሰርቨሩ ሲጠፋ ፕሮግራሙ ስህተት አያገኝም፣ ተስፋ ሳይቆርጥ ይጠብቃል። ላፕቶፑ ላይ ፋይል ማኔጀሩ ደርቆ ይቀራል፣ ተርሚናል ላይ ዲስክ ስንት ቀረ ብላችሁ ብትጠይቁ እንኳ መልስ የለም። ሰው ይናደድና ሪስታርት ያደርጋል። ግን ይሄ ጥቅምም አለው፤ መብራቱ ሲመጣና ሰርቨሩ ሲነሳ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል፣ የተጻፈውም አይጎድልም። "ሶፍት" ብታደርጉት ቶሎ ስህተት ይሰጣል፣ ግን ፋይሉ ግማሹ ተጽፎ ሊቀር ይችላል። ለሚጻፍበት ፎልደር ሃርዱ ይሻላል፤ ሶፍት ለማንበብ ብቻ ለሆነ ይሁን።

ፍጥነት ለመጨመር ተብሎ "አሲንክ" አድርጉ የሚል ምክርም ታገኛላችሁ። አሲንክ ማለት ሰርቨሩ ዲስኩ ላይ ሳይጽፍ "ጽፌያለሁ" ይላል ማለት ነው። መብራት በየጊዜው በሚሄድበት ቦታ ይሄን ማድረግ ፋይልን በፈቃድ መጣል ነው። አታድርጉት።

## ኤስኤስኤችኤፍኤስ

ኤስኤስኤች ያለበት ማሽን ካለ ሰርቨሩ ላይ ሌላ ምንም አይጫንም። በ22 ቁጥር ፖርት ይገባል፣ ሁሉም ነገር የተመሰጠረ ነው፣ በኢንተርኔት በኩልም ይሠራል። ለአንድ ሰው፣ በተለይ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ለሚሠራ ዴቨሎፐር፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው።

ሊኑክስ ላይ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ ዊንኤፍኤስፒ የሚባለውንና በላዩ ኤስኤስኤችኤፍኤስ-ዊን የሚባለውን መጫን ያስፈልጋል። ማክ ላይ ማክፊዩዝ ይጫናል። አፕል ሲሊከን ያለው ማክ ከሆነ፣ ሲስተሙም አዲስ ካልሆነ፣ ኮምፒውተሩን በሪከቨሪ አስነስቶ የደህንነት ደረጃውን ዝቅ ማድረግ ይጠይቃል። ለዲዛይነሩ ይሄን አድርግ ማለት ይከብዳል።

ዋናው ጉድለቱ መቆለፍ ነው። ሁለት ሰው አንድ ፋይል ከፍቶ ቢጽፍ አንዱ ሌላውን አያውቀውም፣ የመጨረሻው ሴቭ ያሸንፋል። ስለዚህ የቢሮ የጋራ ፎልደር አታድርጉት። ግንኙነቱ ሲቋረጥም የመድረቅ አመል አለው። ማውንት ስታደርጉ "ሪኮኔክት" የሚለውን ጨምሩ፣ ከእሱም ጋር በየ15 ሰከንዱ ሰርቨሩ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቀውን "ሰርቨር አላይቭ ኢንተርቫል" የሚባለውን። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ርቀት ላይ ስላለው ፍጥነት አንድ ነገር። አዲስ አበባ ያለን ፎልደር ዋሽንግተን ሆኖ የሚከፍት ሰው አለ እንበል። ጥያቄው ደርሶ መልሱ እስኪመለስ 200 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ ፎልደሩ ውስጥ 500 ፋይል ቢኖርና ፋይል ማኔጀሩ እያንዳንዱን ለየብቻ ቢጠይቅ፣ ዝርዝሩን ለማየት ብቻ 100 ሰከንድ ይሄዳል። ኢንተርኔቱ ፈጣን ስለሆነ ይሄ አይቀንስም። ችግሩ ርቀቱ ነው፤ ኤስኤምቢም ሆነ ኤንኤፍኤስ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ውስጥ በሚያልፍ የተመሰጠረ የግል መስመር) ቢያልፉ ከዚህ አያመልጡም።

## ዌብዳቭ

እሱን በአጭሩ ልለፈው። በድረ ገጹ መንገድ፣ በ443 ፖርት፣ ስለሚሄድ የትኛውም ፋየርዎል ያሳልፈዋል። ኔክስትክላውድ (በራስ ሰርቨር ላይ የሚተከል የፋይል ክላውድ) ካላችሁ አብሮት ይመጣል። ዊንዶውስ ላይ ግን በነባሪው ከ50 ሚሊዮን ባይት (48 ሜጋባይት ገደማ) በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ በሬጂስትሪ ከፍ ቢደረግም ከ4 ጊጋባይት አያልፍም። ማይክሮሶፍትም ይሄን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2023 ወደፊት እንደማያሳድገው አስታውቋል። አዲስ ሥራ በእሱ ላይ አትጀምሩ። ኔክስትክላውድ ካላችሁ የራሱን የማመሳሰያ ፕሮግራም ተጠቀሙ።

## ማውንት ያልሆነው

ሲንክቲንግ ይባላል። ፎልደሩ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ላይ የተለወጠው ወደ ሌሎቹ ይሄዳል። ነጻ ነው። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፣ ማክና አንድሮይድ ላይ ይሠራል። በአንድ ራውተር ስር ካላችሁ ፋይሉ በቀጥታ ነው የሚተላለፈው፣ የኢንተርኔት ጥቅል አይበላም። መብራት ቢሄድ ፋይሉ ላፕቶፑ ላይ ስላለ ሥራው አይቆምም፣ ሲመለስ ይመሳሰላል። ሁለት ሰው አንድ ፋይል ቢለውጥ ሁለተኛውን "ግጭት" የሚል ስም ሰጥቶ ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ አይጠፋም፣ ግን ሰው ቁጭ ብሎ ማስታረቅ አለበት። ዲስክ ይበላል። 500 ጊጋባይት ቪዲዮ ያለበት ስቱዲዮ በየላፕቶፑ ሊያስቀምጠው አይችልም።

## ባጭሩ በሠንጠረዥ

| መስፈርት | ኤስኤምቢ | ኤንኤፍኤስ | ኤስኤስኤችኤፍኤስ | ዌብዳቭ | ሲንክቲንግ |
|---|---|---|---|---|---|
| ዊንዶውስ | ምንም አይጫንም | ፕሮና ከዚያ በላይ፣ ስሪት 3 | ሁለት ነገር ይጫናል | አለ፣ ግን ጊዜው አልፏል | ይጫናል |
| ማክ | ምንም አይጫንም | ከአማራጭ ጋር | ማክፊዩዝ ያስፈልጋል | አለ | ይጫናል |
| ሊኑክስ | ትንሽ ፓኬጅ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ፓኬጅ ያስፈልጋል | ይጫናል |
| መብራት ሲሄድ | ስህተት ይሰጣል | ደርቆ ይጠብቃል | ካልተስተካከለ ይደርቃል | ስህተት ይሰጣል | ሥራ ይቀጥላል |
| መቆለፍ | ጥሩ | ስሪት 4 ላይ ጥሩ | የለም | እንደ ፕሮግራሙ | የለም፣ ሁለቱንም ያስቀምጣል |
| ምስጠራ | ከስሪት 3 ጀምሮ ይቻላል | በነባሪው የለም | ሁልጊዜ | በኤችቲቲፒኤስ | ሁልጊዜ |
| የአማርኛ ስም | ይሠራል | ዊንዶውስ ላይ ይበላሻል | ይሠራል | ይሠራል | ይሠራል |
| በኢንተርኔት | በቪፒኤን ብቻ | በቪፒኤን ብቻ | ይቻላል | ይቻላል | ይቻላል |

## ለማን የቱ?

ሦስቱም ሲስተም ያለበት ቢሮ፦ ኤስኤምቢ፣ ሌላ አታስቡ። ገንዘብ ከሌለ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስና ሳምባ ጫኑ፣ ሞኒተርም አያስፈልገውም። ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ዊንዶውሱ ራሱ ሰርቨር ይሁን፤ ተራው ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ እስከ 20 ግንኙነት ስለሚፈቅድ ለትንሽ ቢሮ ይበቃል። ማክ ካለ ሳምባው ላይ "ፍሩት" የሚባለውን ተጨማሪ አብሩ፣ የማክ ባክአፕም በእሱ በኩል ይሄዳል።

ትንሽ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ የሚገዛው ለሰርቨሩና ለራውተሩ የሚሆን ዩፒኤስ ነው። ቀጥሎ ጊጋቢት ስዊች። ፈጣን ዲስክ ከሁለቱ በኋላ ይምጣ። ዩፒኤሱ አሥር ደቂቃ ብቻ ቢይዝ እንኳ ሰው ፋይሉን ሴቭ አድርጎ ይዘጋል።

ሁሉም ማሽን ሊኑክስ ከሆነ፦ ኤንኤፍኤስ ስሪት 4። ቁጥሮቹን አንድ አድርጉ፣ ሃርድ እንደሆነ ተዉት። ሲነሳ እንዳያንገራግር ማውንቱን ፎልደሩ ሲነካ ብቻ እንዲነሳ አድርጉት፣ "አውቶማውንት" የሚባለውን።

ብቻውን የሚሠራ ዴቨሎፐር፣ ሰርቨሩ ሩቅ ያለ፦ ኤስኤስኤችኤፍኤስ።

ቪዲዮና ፎቶ የሚሠራ ስቱዲዮ፦ ኤስኤምቢ በጊጋቢት ኬብል። በዋይፋይ ኤዲት ለማድረግ አትሞክሩ።

ከውጭ አገር ሆኖ ከአዲስ አበባ ቢሮ ጋር የሚሠራ ወይም ሁለት ከተማ ላይ ቅርንጫፍ ያለው፦ ሲንክቲንግ። የኤስኤምቢን 445 ፖርት ራውተሩ ላይ ከፍቶ ወደ ኢንተርኔት ማውጣት ግን በምንም ምክንያት አይደረግም።

ሒሳብ ሶፍትዌር ላለው ቢሮ አንድ ማሳሰቢያ። ፒችትሪና መሰሎቹ ከኋላቸው ዳታቤዝ አላቸው። የዳታ ፎልደሩን አንስቶ ሳምባ ላይ ማስቀመጥ አይሆንም፣ ሲንክቲንግም አይነካው። ሶፍትዌሩ ራሱ ለብዙ ተጠቃሚ በሚለው መንገድ ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ይተከል። ሼሩ ለሰነድ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ የሰርቨሩን አድራሻ ራውተሩ ላይ ቋሚ አድርጉት። አለበለዚያ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ሌላ አድራሻ ይሰጠዋል፣ ሁሉም ሰው "ሼሩ ጠፋ" ይላል። ባክአፑም ሌላ ዲስክ ላይ፣ ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ፤ ሼር ላይ ያለ ፋይል አንድ ሰው ሲያጠፋው ከሁሉም ነው የሚጠፋው።

ለሠራተኛው ክፍት ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ከሦስቱም ኮምፒውተር የሙከራ ፋይል ክፈቱና ጻፉበት። ከዚያ የሰርቨሩን የኔትወርክ ኬብል ንቀሉ፣ መብራቱን ሳይሆን ኬብሉን። ሴቭ ለማድረግ ሞክሩ። ሁለት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት። ማን ራሱ እንደተመለሰ፣ ማን እንደደረቀ፣ ፋይሉ ውስጥ ምን እንደቀረ እዩ። አንደኛው ላይ ፋይሉ ከጎደለ ወይም ኮምፒውተሩ ሪስታርት ካልተደረገ አልመለስ ካለ፣ ያንን ማሽን ሳታስተካክሉ ሥራ አታስጀምሩበት።